«ምንም የላትም» ተብዬ የገዛኋት መኪና

እኛ አገር መኪና ሲሸጥ የምትባል አንዲት ቃል አለች። «ምንም የላትም!» ደላላው ይላታል። ሻጩ ይላታል። ከሻጩ ጋር ቡና ሊጠጣ የመጣው ዘመድም ሳይጠየቅ ይደግማታል። እኔም በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ይህችኑ ቃል ሦስት ጊዜ ሰማሁና ብሩን አስተላለፍኩ።

መኪናዋ ክሮስኦቨር ከሚሏቸው ትንንሾቹ አንዷ ናት። ከቤት መኪና ከፍ፣ ከጂፕ ዝቅ ያለች። አውቶማቲክ። በፈረንጆቹ 2016 የተሠራች፣ ውጭ አገር ስትነዳ ቆይታ የመጣች። ስሟን አልጠራም። ብጠራው የሌላ ሞዴል ባለቤት «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፈዋል። የማወራው ደግሞ የእኔን ብቻ አይደለም። ነዳጅ ሰልፍ ላይ፣ ጋራዥ በር ላይ፣ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መኪና ያላቸውን ሰዎች እየጠየቅሁ ያጠራቀምኩትንም ነው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሕመማቸው ይመሳሰላል።

ቤቴ ደሴ፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለማያውቀው ሰው ቅርብ ነው። መሃል ላይ ግን ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ጠዋት ጠዋት ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ማታ ያንኑ እወጣለሁ። ሌላ ቦታ ዓመት ሙሉ ተደብቆ የሚከርም የመኪና አመል ሐረጎ ላይ በሁለት ሳምንት ይወጣል።

የመጀመሪያው ምልክት ትንሽ ነበር። ቆሜ ስነሳ፣ ፍጥነቱ ከ20 እስከ 40 ባለው ውስጥ ሲሆን፣ መኪናዋ ብርድ እንደመታው ሰው ትንቀጠቀጣለች። መሪው ላይ አይደለም፤ መቀመጫዬ ሥር ነው። 50 ስገባ ይጠፋል። መንገዱ ነው አልኩ። ጎማው ነው አልኩ። ከዚያ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። እውነቴን ነው፣ ለሁለት ወር ያህል መፍትሔዬ ሬዲዮ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ማታ ከሥራ ስንመለስ አራት ነን። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዷል። ከፊታችን ሙሉ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና በሰው እርምጃ ይወጣል። ማለፍ አይቻልም። እኔም ከኋላው ትንሽ እየሄድኩ፣ እየቆምኩ፣ ትንሽ እየሄድኩ እከተላለሁ። ድንገት ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ግን አልሄደችም። ነዳጅ ስረግጥ ጩኸቱ ይጨምራል፣ እኛ እዚያው ነን። ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማ መብራት በራ። ከኋላ አንዷ «ያ ረቢ!» ስትል ሌላዋ «እመ ብርሃን!» አለች። ወሎ ነዋ፤ መኪና ሲበላሽ በሁለቱም በኩል ይለመናል።

ከኋላችን የነበረ አይሱዙ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወረደ። «እቴ፣ ፍሬኑን እንዳትለቂ!» አለኝና ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ የኋላ ጎማዬ ሥር ወሸቀ። በእግሩ ጠለዝ ጠለዝ አድርጎ አጠበቀው። ቀጥሎ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሮ ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደና አስፋልቱ ላይ አጋደመው። «ሦስት ማዕዘኗ የለችሽም እንዴ?» አለኝ። ዕቃ መጫኛውን ከፍቼ አየሁ። የለችኝም። እስኮርታ ጎማ አለ፤ ክሪክ ግን የለም። ከገዛኋት ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ያንን ምንጣፍ ገልጬ አላየሁም ነበር።

ግማሽ ሰዓት ቆምን። እንደገና ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች እያዘገመች ወጣች።

የመጀመሪያው ጋራዥ፣ ኮፈን ሳይከፍት፣ «ካምቢዮው አልቋል፤ ሙሉው ይቀየር» አለ። የነገረው ደግሞ ለእኔ አይደለም፣ አብሮኝ ለመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። የነዳሁት እኔ ነኝ። የተንቀጠቀጠችው በእኔ መቀመጫ ሥር ነው። ሰውዬው ግን ዓይኑን ከወንድሜ ላይ አላነሣም። ወንድሜ ደግሞ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም። ካምቢዮ ማለት የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የማርሽ ክፍል ነው፤ የመኪናዋን ዋጋ ጥሩ ቁራሽ የሚበላ ነገር። «እናስብበት» ብለን ወጣን።

ሁለተኛው ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት ናቸው። ሁሉም ሼኪው ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ያሉኝ «አብሽሪ» ነው። ቀጥሎ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ። «የካምቢዮው ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?»

ለሻጩ ደወልኩ። «ይሄ ካምቢዮ እኮ ዘይት አይቀየርለትም። የዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። ስልኩ ከፍ ተደርጎ ስለነበር ሼኪውም ሰምተዋል። «የማን ዕድሜ?» አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የብዙዎቹ ትንንሽ ክሮስኦቨሮች ሕመም የሚጀምረው እዚህ ነውና። የእኔዋ ያላት ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ እንደ ድሮው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚባል ማርሽ የለውም። ሁለት ፑሊዎች አሉት። በመሃላቸው የብረት ቺንጋ ይዞራል። ፑሊዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ነው ጉልበቱን የሚያስተካክሉት። ነዳጅ ይቆጥባል፤ ሜዳ ላይ እንደ ቅቤ ነው። ግን ፑሊው ቺንጋውን ጨምድዶ የሚይዘው በዘይቱ ግፊት ነው። ዘይቱ ሲሞቅና ሲያረጅ መያዙ ይላላል። ያኔ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ሙቀቱ ካለፈ ኮምፒውተሯ ራሷን ለማዳን ጉልበት ትቀንሳለች። ሐረጎ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ከፍታውም የራሱን ይጨምራል። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር መግፊያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ደሴ ላይ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። አራት ሰው ጭና ዳገት የምትወጣው መኪና፣ ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ጉልበት የላትም። እኛ ደግሞ ነዳጁን ወለል ድረስ እንረግጣለን።

ሼኪው ከታች ገብተው ቡሎኑን ፈቱና ዘይቱን በተቆረጠ ጀሪካን ተቀበሉት። ጥቁር ነው። አዲሱን በሌላ ጠርሙስ አድርገው ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ፤ አዲሱ ጥርት ያለ ነው፣ የእኔው የጀበና አተላ ይመስላል። «አሽትቺው» አሉኝ። የተቃጠለ ሽታ። ከዚያ ሥሩ ላይ ካለችው ማግኔት የተጣበቀውን ዝቃጭ በጣታቸው ጠርገው አወጡና በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት። ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አሹት። «ግራጫ ቅባት ከሆነ ደግ ነው፤ የቁርጥራጭ ብረት ስሜት ካለው ግን አልቆላታል» አሉ። እኔም እንድነካው አደረጉ። እንደ ኩል የላመ ነው። ትንፋሼ መለስ አለ።

ዘይቱ የሚገኘው አዲስ አበባ ነበር። በአውቶቡስ መጣልኝ። አንድ ነገር አደራ፦ ለዚህ ካምቢዮ የተራ አውቶማቲክ ዘይት አይገባም። ቀዩን ዘይት «ያው ነው» ብሎ የሚሞላ ጋራዥ አለ። ያው አይደለም። መመሪያው ላይ ስሙ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ነው። መጠኑም በግምት አይሞላም፤ ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው የሚለካው። ሼኪው ልጃቸው ባመጣት የምርመራ መሣሪያ ሙቀቱን እያዩ ነው ያስተካከሉት። እንደ እኛ ባለ ዳገት አገር በየ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየሩ ይሻላል፣ ወረቀቱ የፈለገውን ይበል።

ዳነች? ሙሉ በሙሉ አልልም። መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ ጠዋት ብርድ ላይ አሁንም ትንሽ አለ። አነዳዴን ግን ቀየርኩ። ሐረጎ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ አልለጠፍም። ርቄ እቆማለሁ፣ ቦታ ሲገኝ በአንድ ጊዜ እሄዳለሁ። ዳገት ላይ ስቆም በነዳጅ ይዤ አላንጠለጥላትም፣ ፍሬን ነው የምረግጠው። ጠንካራው ዳገት ላይ ማንሻውን ኤል (L) ላይ፣ ለዳገትና ለቁልቁለት በተሠራው ቦታ፣ አደርገዋለሁ። መብራቱ ከበራ ዳር ይዤ አሳርፋታለሁ፣ አብረውኝ ያሉት የፈለጉትን ያህል ቢቸኩሉም።

ስለ ዳገቱ ይህን ያህል ካወራሁ ስለ ቁልቁለቱም ልንገራችሁ። እሱ የበለጠ አስደንግጦኛል።

የካቲት ላይ ነው፣ ጠዋት። ደሴን ለቅቄ እየወረድኩ ነው። መኪናዋ ዲ (D) ላይ፣ በተራው መንጃ ናት፣ እኔ በየኩርባው ፍሬን እነካለሁ። ኮምቦልቻ ከታች መታየት ስትጀምር ፔዳሉ ለሰለሰ። እግሬ ሊጥ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ገባ፣ ገባ፣ ገባ፣ መያዝ ያለበት ቦታ አልያዘም። ደጋግሜ ረገጥኩት፤ ያዘ። ኤል ላይ መታሁት። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ዘግየት አለች። ዳር ወጥቼ ስቆም ከፊት ጎማዎቹ የተቃጠለ ሽታ ይወጣል። እጄን ቸርኬው አጠገብ አድርጌ ሳላስነካ መለስኩት።

የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል። ክዳኑ ዝግ ሆኖም ቢሆን ቀስ በቀስ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም። ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 155 ዲግሪ ነው። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። የእኔው ሲወጣ ቀለሙ ሻይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ነው የምቀይረው። ዋጋው ከአንድ ጎማ እጅግ ያነሰ ነው። በቁልቁለቱም ከሐረጎ አናት ጀምሬ ኤል ላይ ነኝ። ከኋላ ያለው ክላክስ ቢነፋም ይንፋ።

ሦስተኛው ነገር የዘመናዊዎቹ ነው። አደጋ ሲያዩ ራሳቸው ፍሬን የሚይዙት። ስትገዛ እንደ ትልቅ ነገር ነበር የተነገረኝ። «ቢያንቀላፋሽ እንኳ እሷ ትቆማለች።»

አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ዓሣ ልንበላ እንሄዳለን። አክስቴ ከኋላ ናቸው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ከፊቴ ማንም የለም። ድንገት ዳሽቦርዱ ቀላ፣ ጢው ጢው ጢው አለ፣ መኪናዋም በራሷ ፍሬን ያዘች። ሁላችንም በቀበቶው ላይ ተንጠለጠልን። የአክስቴ ሻሽ ወደ ፊት ወርዶ ዓይናቸውን ሸፈነው። ከኋላችን ይመጣ የነበረ ሚኒባስ ጎማው እየተንጫጫ በግራችን አለፈና ሾፌሩ በመስኮት የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። አክስቴ ሻሻቸውን እያስተካከሉ «ምን አይተሽ ነው?» አሉኝ። ምንም አላየሁም። «ታዲያ እሷ ምን አይታ ነው?» ጥያቄው ልክ ነበር።

በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ደገመችው። ይሄ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ውጭ አገርም የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች አብዝተው ከሚያነሷቸው የደኅንነት አቤቱታዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ ይለያያል። ከፊቷ ያለውን የሚያይላትን ራዳር አቧራና ጭቃ ይሸፍነዋል። የድልድይ ብረት ወይም የመንገድ ጥላ ያታልለዋል። የፊት መስታወቱ ተቀይሮ ካሜራው ሳይስተካከል ቀርቶም ይሆናል። እኔ ጠርጌ፣ አጥቤ አየሁ። ለውጥ የለም።

የቦዲ ባለሙያ የሆነ የሠፈር ልጅ ነው ያገኘው። የፊቱን ፓራውልት (የግጭት መከላከያውን) በጣቱ መገጣጠሚያ ኳኳ እያደረገ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። መሃል ላይ ድምፁ ተለወጠ፤ ድፍንና ጠጣር ሆነ። «ስቱኮ ነው» አለ። አወለቀው። ከውስጥ ራዳሩን የያዘችው ብረት ተሰንጥቃ በሽቦ ታስራለች። ራዳሩ ቀጥ ብሎ በማየት ፈንታ አንገቱን ሰበር አድርጎ አስፋልቱን ያያል። በላዩ ላይ ደግሞ ስቱኮና ቀለም ተደርቦበታል። ሽቦውን ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ። «ምንም የላትም» የተባለችው መኪና ፊቷን ተመትታ ነበር።

በራሱ የሚይዘው ፍሬን እንዴት እንደሚበራና እንደሚጠፋ መመሪያው ውስጥ አለ፤ እኔ ለጊዜው አጠፋሁት። በእኔዋ ላይ መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ራሱን መልሶ ያበራል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ማጥፋት ነበረብኝ። በኋላ ብረቷ ተቀየረች፣ ያገለገለ ግን ያልተነካ ፓራውልት ተገኘ፣ አዲስ አበባ ሄዳ መሣሪያ ባላቸው ሰዎች ራዳሩ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ በከንቱ አልያዘችም። አንድ ጊዜ ግን ኩታበር መንገድ ላይ ከጉም ውስጥ ብቅ ላለ አህያ ከእኔ ቀድማ ይዛለች፣ ይሄንን አልክድባትም።

ፓራውልቱ በወለቀበት ቀን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፊቷን ከተመታች ኤርባጉስ? ሌሊት ወጥቼ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ይሄን ሁላችሁም አሁኑኑ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠ፣ ፊቱ ላይ ኳስ ያቀፈ የሚመስል ሰውዬ ይበራል። ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ሥርዓቱ ችግር አለበት ማለት ነው። ጭራሽ ካልበራ ግን የበለጠ ጠርጥሩ፤ አንድ ሰው መብራቱን አስወግዶታል ወይም ከሌላ መብራት ጋር አያይዞታል። ኤርባጉ ፈንድቶ ሽፋኑ ብቻ ተመልሶ የተለጠፈበት መኪና በዓለም ላይ ብዙ ነው። የእኔዋ በራ፣ ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ አምስት ጊዜ ደጋገምኩት።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ባልደረባዬን «እስቲ ያንተን አሳየኝ» አልኩት። የእኔዋ እኅት የምትባል መኪና ነው ያለው። ቁልፉን ከፈተ። የሞተሩ መብራት በራ፣ የዘይቱ በራ፣ የባትሪው በራ። ሰውዬው አልበራም። ደገምን። አልበራም። ሁለት ዓመት ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ሐረጎን የተመላለሰባት መኪና ናት። ፊቱ ጠቆረ። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ይመስላችኋል? «ለማንም እንዳትነግሪ፤ ልሸጣት ነው።»

አልፈርድበትም ማለት አልችልም፤ ፈርጄበታለሁ። ግን ገብቶኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እነዚሁ ያሉት ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። መኪና ለብዙዎቻችን ያለን ትልቁ ንብረት ነው። ችግሯን ያወራ ሰው ዋጋዋን ያወረደ ይመስለዋል። ስለዚህ ነዳጅ ሰልፍ ላይ «መኪናህ እንዴት ናት?» ስትሉት «ምንም የላትም» ይላችኋል። እኔ አንድ ዘዴ አገኘሁ። መጀመሪያ የራሴን እናገራለሁ። «የእኔዋ ቆማ ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች» ስል ሰውዬው ግራ ቀኝ ያያል፣ ጠጋ ይላል፣ «ኧረ የእኔም!» ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። አንዱ የኋላ በሯ ተከፍታ አልቆም ብላ ጭንቅላቱን መታዋለች። ሌላው ስክሪኑ ወደ ኋላ ስትሄድ እየጠቆረ ተቸግሯል። አንዷ ቁልፉ ኪሷ እያለ መኪናዋ «ቁልፍ የለም» እያለቻት ባቲ ገበያ ላይ በሰኞ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ቆማለች፤ የቁልፉ ትንሿ ባትሪ ነበረች ያለቀችው።

አሜሪካ ውስጥ ባለቤቶች አቤቱታቸውን ለመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ያስገባሉ። ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል። ተመሳሳይ ነገር ሲበዛ ምርመራ ይከፈታል፣ አምራቹም መኪኖቹን ጠርቶ በነፃ እንዲጠግን ሊገደድ ይችላል። አቤቱታ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ የተናደደ ሰውም ይጽፋል። ግን መቶ ሰው ስለ አንድ ሞዴል፣ ስለ አንድ ዓመት፣ ስለ አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ካወራ ልብ ማለት ይገባል። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ስምና የተመረተበትን ዓመት ይዛችሁ እዚያ እዩ። እኔ ይህንን ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው።

በተለይ ኤርባግ ላይ። ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ ያለው ማፈንጃ ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ዓመታት ሲቆይ ይበላሻል። ሲፈነዳ የብረት ቁርጥራጭ ይረጫል፤ ሰው ገድሏል። በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የልዩ ልዩ ኩባንያ መኪኖች ተጠርተዋል። ኩባንያው በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከስሯል። መኪኖቹ ግን አሁንም መንገድ ላይ አሉ፣ ያገለገሉ ሆነው ወደ እኛም ይመጣሉ። ማጣሪያው 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ ከፊት መስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል ይገኛል። ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ነፃ ነው። ለአንድ የኬሚሴ ወዳጄ መኪና ስሞክረው ጥሪ ወጥቶባት ነበር፤ የተሳፋሪው ኤርባግ። አሁን ፊት ወንበር ላይ ሰው አያስቀምጥም፣ መፍትሔው እስኪገኝ።

ጎማ ላይ አጭር ነገር። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ፈልጉ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የእኔ እስኮርታ ከመኪናዋ ጋር አንድ ዕድሜ ነበር። ጥርሱ አዲስ ነው፣ ጎኑ ግን እንደ ክረምት ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

ሌላው ጂፕ መስላን የምንሠራው ሥራ ነው። ቁመቷ ያታልላል። አብዛኞቹ የሚጎትቱት በፊት ጎማ ብቻ ነው። ሰርግ ላይ ሰባት ሰው ጭነን፣ ጣራው ላይ በግና ጀሪካን አስረን ኮረኮንች ላይ ስንወጣ ታይተናል። የእኔዋ መመሪያ ጣራው ላይ 75 ኪሎ ነው የሚለው። በግ ሲቆጠር ያልቃል።

ባለፈው ዓመት ለቤት መሥሪያ ብር ስላስፈለገኝ ልሸጣት አሰብኩ። ሁሉንም በደብተር ጽፌዋለሁ፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ምን እንደተቀየረ፣ የዘይቱን ዓይነት፣ የፓራውልቱን ጉዳይ ጭምር። አንድ ወጣት ከወልድያ መጣ። ደላላው «ምንም የላትም» ሊል አፉን ሲከፍት ደብተሩን ለልጁ ሰጠሁት። ፒያሳው ካፌ ውስጥ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ አነበበ። ደላላው በጠረጴዛ ሥር እግሬን ይረግጠኛል።

ልጁ ጨዋ ነው። ደብተሩን በሁለት እጁ መለሰልኝ። «አንቺን እናመሰግናለን፣ ግን ብዙ ነገር ነበረባት» አለኝ። ሌላ አይቶ ነበር፣ እንደ እሷው ዓይነት፣ ቀለሟ ነጭ። ባለቤቱ ምንም የላትም ብሎታል።

እኔም ሳልሸጣት ቀረሁ። ልጁ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ድምፁን መጀመሪያ አላወቅሁትም። ሐረጎ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው፤ ከኋላው ክላክስ ይሰማል። የሼኪውን ስልክ ነበር የፈለገው።